ሊጉ ሲገባደድ፦ የነጥብ ሠንጠረዥ እንዴት ይነበባል?

የእግር ኳስ ወሬ በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ የማይጠፋ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን የውድድሩ ዘመን ሲጀመር የሚወራውና ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው የሚወራው አንድ አይደለም። በኅዳር ወር «ቡድናችን ጥሩ ይጫወታል ወይ?» እንባባላለን። በሰኔ ወር ግን ጥሩ መጫወት ቀርቶ ሒሳብ ብቻ ይሆናል። «ስንት ጨዋታ ቀረ? ስንት ነጥብ ያንሰናል? እነዚያ ቢሸነፉ እኛ ብናሸንፍ ምን እንሆናለን?» ይባላል። በሒሳብ ትምህርት ራሱን ያመው የነበረ ሰው ሁሉ በዚህ ጊዜ ደማሪና ቀናሽ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቡድኖች በውድድር ዘመን መጨረሻ ላይ ስለሚገቡበት ሁኔታ፣ ስለ ነጥብ አቆጣጠሩና በስተጀርባው ስላለው የሰው ኑሮ ባጭሩ ማስረዳት ነው። ኳስ የማይወድ አንባቢም ቢሆን ገጹን ትቶ እንዳይሄድ እለምናለሁ፤ ወደ መጨረሻው ላይ የእኛን ሙያ የሚነካ ነገር አለበትና።

፩. ሊጋችን ከየት መጣ?

በኢትዮጵያ የክለቦች ሻምፒዮና የተጀመረው በ1936 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ሲሆኑ አዲስ አበባ ውስጥ የነበሩትን ማኅበረሰቦች የሚወክሉ ነበሩ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደውም የእንግሊዞቹ ቡድን ነው።

ዛሬ ፕሪሚየር ሊግ የምንለው ውድድር በ1990 ዓ.ም. ተጀመረ። የመጀመሪያው አሸናፊ መብራት ኃይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙውን ዋንጫ የሰበሰበው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ሆኖም በመካከሉ ሐዋሳ ከነማ በ1996 እና በ1999፣ ኢትዮጵያ ቡና በ2003፣ ደደቢት በ2005፣ ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታ በ2011፣ ፋሲል ከነማ በ2013፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2016፣ የኢትዮጵያ መድን በ2017 ዓ.ም. ዋንጫውን አንሥተዋል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ውድድሩ ተሰርዞ ሻምፒዮንም ወራጅም ሳይኖር ቀርቷል።

የዚህን ሰፈር ነገር ካነሣን፣ አቃቂ ቃሊቲም ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው በከፍተኛ ሊግ የተወዳደረ በስሙ የሚጠራ ክለብ ነበረው። ስለዚህ የመውጣትና የመውረድ ነገር ለእዚህ አካባቢ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም።

፪. የአንድ ልጅ ጥያቄ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ነገር እንዲህ ነው። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ጊዜ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ በሒሳብ ደብተሩ የኋላ ገጽ ላይ የሊጉን ሠንጠረዥ ገልብጦ አገኘሁት። መስመሩ በማስመሪያ የተሠመረ፣ ቁጥሩ የጠራ ነው። «ምንድን ነው ይሄ?» ስለው፣ ወንድሙ እስር ላይ እንዳለ፣ እናቱ ስንቅ ይዛ ስትሄድ አብሯት እንደሚሄድ፣ ወንድሙም ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ሠንጠረዡ እንደሆነ ነገረኝ። የመጠየቂያው ጊዜ አጭር ስለሆነ ሁሉንም በቃሉ አጥንቶ ይሄዳል ማለት ነው።

«ግን ጋሼ፣» አለኝ፣ «ሁለቱ እኩል ነጥብ ይዘው አንዱ ለምን በላይ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ማስረዳት አቃተኝ።»

እኔም ያን ቀን ክፍልፋይ ላስተምር አዘጋጅቼ ነበርና ጥያቄው በደንብ ገጠመልኝ። ለእሱ የነገርኩትን ነው ከዚህ በታች ሰፋ አድርጌ የማቀርበው።

፫. ነጥብ እንዴት ይቆጠራል?

አሸናፊ 3 ነጥብ፣ አቻ የወጣ 1 ነጥብ፣ ተሸናፊ ባዶ። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ነገር ግን ድሮ አሸናፊ የሚያገኘው 2 ነጥብ ብቻ ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ 3 ነጥብ ለወጡት፤ የዓለም ዋንጫ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ሲደረግ ተቀበለው፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተለመደ።

ለምን ተለወጠ? ምሳሌ እንውሰድ። ቡድን ሀ ከ20 ጨዋታ 10 አሸነፈ፣ 10 ተሸነፈ። ቡድን ለ ሃያውንም አቻ ወጣ። በድሮው አቆጣጠር ሁለቱም 20 ነጥብ አላቸው። በአዲሱ ግን ሀ 30፣ ለ 20 ይሆናሉ። እንግዲህ ድሮ በር ዘግቶ አቻ ለመውጣት መጫወት አያስከስስም ነበር፤ አሁን ያስከስሳል። ሕግ ሲለወጥ የሰው ጠባይ እንዴት አብሮ እንደሚለወጥ ከዚህ ይታያል።

ስንት ጨዋታ እንዳለም ማወቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ቡድን ከሌላው ጋር ሁለት ጊዜ ስለሚገናኝ የጨዋታዎቹ ጠቅላላ ቁጥር የቡድኖቹን ቁጥር አንድ በተቀነሰለት በራሱ በማባዛት ይገኛል። 16 ቡድን ካለ 16 ሲባዛ በ15፣ 240 ጨዋታ ይሆናል፤ ለአንዱ ቡድን 30 ጨዋታ ይደርሰዋል። 18 ቡድን ካለ 306 ጨዋታ፣ ለአንዱ 34 ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ» የሚባለው መቼ እንደሆነ ማስላት ይቻላል። መሪው 58 ነጥብ፣ ተከታዩ 51 ነጥብ አላቸው እንበል። 3 ጨዋታ ከቀረ ተከታዩ ሁሉንም ቢያሸንፍ 51 ሲደመር 9፣ 60 ይሆናል፤ ስለዚህ መሪው ገና አልተረጋገጠለትም። 2 ጨዋታ ብቻ ከቀረ ግን 51 ሲደመር 6፣ 57 ነው፤ መሪው ሁለቱንም ቢሸነፍ እንኳ አይደርስበትም። ያኔ ዋንጫው የእሱ ነው። እንዲሁ ከታች ያለውም ቡድን መውረዱ የሚረጋገጠው በዚሁ ስሌት ነው። ተስተካካይ ጨዋታ ያለው ቡድን ካለ ደግሞ የእሱን ነጥብ ከሌሎቹ ጋር ዝም ብሎ ማወዳደር ያሳስታል፤ መጀመሪያ የተጫወቱትን ቁጥር ማየት ነው።

፬. እኩል ሲሆኑስ?

ልጁ የጠየቀው ይህን ነው። መልሱ የግብ ልዩነት ነው፤ ያገባው ሲቀነስ የተቆጠረበት። በእኛ አገር ብዙ ሰው «የግብ ክፍያ» ይለዋል። ቃሉ ማካፈልን ያስታውሳል፤ ዛሬ የሚሠራበት ግን መቀነስ ነው። እውነትም በሌላው ዓለም ድሮ ይካፈል ነበር። ያገባው ላገባበት ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ነበር የሚታየው። እንግሊዞች በዚህ እስከ እ.ኤ.አ. 1976 ድረስ ሠርተውበታል።

የሁለቱን ልዩነት እንይ። ቡድን ሀ 60 አግብቶ 30 ተቆጠረበት። ሲካፈል 2 ነው፤ ሲቀነስ 30። ቡድን ለ 22 አግብቶ 10 ተቆጠረበት። ሲካፈል 2.2 ነው፤ ሲቀነስ 12። በማካፈሉ ለ ይበልጣል፣ በመቀነሱ ሀ ይበልጣል። በማካፈል ጊዜ የሚጠቀመው የሚከላከል ቡድን ነው፤ በመቀነስ ጊዜ ደግሞ የሚያጠቃው። እንግዲህ አንድ የሒሳብ ምልክት ብቻ ሲለወጥ ሻምፒዮኑ ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው! ይህን በክፍል ውስጥ ብታቀርቡት ልጆቹ ጸጥ ብለው ይሰማሉ፤ እኔ አይቼዋለሁ።

በአገራችን ይህ ስሌት ዋንጫ ወስኗል። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርና ቅዱስ ጊዮርጊስ በእኩል ነጥብ ጨርሰው ጅማ በግብ ልዩነት ሻምፒዮን ሆነ። ያውም ጅማ ወደ ሊጉ በወጣበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። በውጭው ዓለም ደግሞ የታወቀው የአርሰናልና የሊቨርፑል ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 1989 በመጨረሻው ጨዋታ አርሰናል ሊቨርፑልን በሜዳው በሁለት ግብ ልዩነት ማሸነፍ ነበረበት። አንድ ለባዶ እየመራ ሰዓቱ ሲያልቅ ማይክል ቶማስ ሁለተኛውን አስቆጠረ። ሁለቱም 76 ነጥብ፣ የግብ ልዩነታቸውም እኩል 37 ሆነ። አርሰናል ሻምፒዮን የሆነው 73 ግብ አግብቶ ስለነበረና ሊቨርፑል ያገባው 65 ስለሆነ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ማንም ልብ ያላላት አንዲት ግብ በግንቦት ዋንጫ ሆና ትመጣለች።

፭. ከላይ፣ ከታች፣ ከመካከል

በውድድሩ ማብቂያ ላይ ቡድኖች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ለዋንጫ የሚታገሉት ናቸው። የእነሱ ጠላት ጭንቀት ነው። በ2011 ዓ.ም. እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ተስፋው የፋሲል ከነማ ነበር፤ በዚያ ቀን ፋሲል አቻ ሲወጣ መቐለ 70 እንደርታ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ልምድ ያለው አሠልጣኝ ዋጋው ይታወቃል። አሠልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ በ2010 ጅማ አባ ጅፋርን፣ በ2011 መቐለን፣ በ2017 መድንን ሻምፒዮን አድርጓል። ሦስት የተለያየ ክለብ፣ ሦስት የተለያየ ተጫዋች፤ ሰውዬው ግን አንድ ነው። ይህ እንዲያው በዕድል ብቻ የሚገኝ ነገር አይመስለኝም።

ሁለተኛዎቹ ላለመውረድ የሚታገሉት ናቸው። እንደ እውነቱ ከሆነ ትልቁ ትግል ይሄ ነው። ዋንጫ ያጣ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ይሞክራል። የወረደ ክለብ ግን በጀቱ ይቀንሳል፣ ተጫዋቾቹ ይበተናሉ፣ አንዳንዱም ጨርሶ ይፈርሳል። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ስለሆነ፣ በዓመቱ መጨረሻ ካዝናው ሲሳሳ የተጫዋቾች ደመወዝ የሚዘገይበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ ውሳኔው የወጣውም ክለቦች ከአቅማቸው በላይ እያወጡ ስለተቸገሩ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው በመስከረም ተጣድፎ የተሰበሰበ ቡድን በግንቦት ሲፈታ ይታያል።

የመውረድን ነገር ለማየት ደደቢትን ማስታወስ ይበቃል። በ2005 ሻምፒዮን ነበር፤ በ2011 ወረደ። ጅማ አባ ጅፋርም በ2010 ዋንጫ አንሥቶ በ2014 ወረደ። የመጀመሪያው የሊጉ አሸናፊ መብራት ኃይል፣ ኋላ ኢትዮ ኤሌክትሪክ የተባለው፣ በ2010 ወርዶ፣ ተመልሶ ወጥቶ፣ በ2015 እንደ ገና ወርዷል፤ በ2017 ደግሞ እንደ ገና በሊጉ ተሰልፏል። መውረድ ግን ሞት አይደለም። ከደደቢት ጋር በ2011 የወረደው መከላከያ ተመልሶ መጥቶ በቀድሞ ስሙ መቻል ተብሎ በ2016 ዓ.ም. ሁለተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት አንደኛ የወጣው ንግድ ባንክም በ2009 ወርዶ ለዓመታት ከሊጉ ርቆ የቆየ፣ በተመለሰበት ዓመት ዋንጫ ያነሣ ነው። የወደቀ ሁሉ ወድቆ አይቀርም።

ሦስተኛዎቹ በመካከል ያሉት ናቸው። ዋንጫም አያገኙ፣ አይወርዱም። እነዚህ ናቸው አስቸጋሪዎቹ። የሚጫወቱለት ነገር ስለሌለ አንዳንዱ ይዘናጋል፤ ተጋጣሚው ግን የሞት ሽረት ላይ ነው። ከእነሱ ጋር መጨረሻ ላይ የሚገናኝ ቡድን ዕድለኛ ነው ይባላል። ሌሎቹ ደግሞ «ይህ ፍትሕ ነው ወይ?» ይላሉ።

በነገራችን ላይ በአሜሪካ ቤዝቦል የሚባለው ጨዋታ በዚህ ከእኛ ይለያል። እዚያ 30 ቡድኖች አሉ፣ አንዱ ቡድን በአንድ ዘመን 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ መውረድ የሚባል ነገር ግን የለም። የመጨረሻ የወጣው ቡድን በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ነው። ስለዚህ ዘመኑ ሲገባደድ ተስፋ የቆረጠ ቡድን ዋና ተጫዋቾቹን ለሌላ ሰጥቶ ወጣቶችን ይሞክራል። ለክለቡ ባለቤት ያማረ ነው፤ ለተመልካች ግን ወራጅ ቀጠና የሚሰጠው የልብ ትርታ የለውም። የእኛው ጨካኝ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ የታችኛውም ቡድን ጨዋታ ይታያል።

፮. ለምን በአንድ ሰዓት?

የመጨረሻው ሳምንት ወሳኝ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲጀመሩ የሚደረገው ለምን እንደሆነ ብዙ ሰው አያስተውልም። ምክንያቱ ከእ.ኤ.አ. 1982 የዓለም ዋንጫ ይመጣል። አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን አሸንፋ ዓለምን ካስደነቀች በኋላ የመጨረሻ ጨዋታዋን ከሌሎቹ አንድ ቀን ቀድማ ጨረሰች። በማግሥቱ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ ስፔን ውስጥ ሒኾን ከተማ ላይ ሲገናኙ፣ ጀርመን አንድ ለባዶ ካሸነፈች ሁለቱም እንደሚያልፉ አስቀድመው ያውቁ ነበር። በ10ኛው ደቂቃ ጀርመን አገባች። ከዚያ በኋላ ኳሷን ወዲያና ወዲህ እየተቀባበሉ ጊዜውን ጨረሱ፤ ሁለቱም አለፉ፣ አልጄሪያ ወደ አገሯ ተመለሰች። ሕግ አልጣሱም፤ ግን ጨዋታ አልነበረም። ከእ.ኤ.አ. 1986 ጀምሮ የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲደረጉ ተወሰነ።

በእኛ ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቡድኖቹ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለጥቂት ሳምንታት ተጫውተው ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወሩ ቆይተዋል። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናግደዋል። ጨዋታዎቹም በዲኤስቲቪ መታየት ጀመሩ፤ የአምስት ዓመቱ ስምምነት ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል ተብሏል። ይህ ጥሩ ጎን አለው፤ ነገር ግን አንድ ሜዳ ላይ ሁሉም ተራ በተራ ሲጫወት በአንድ ሰዓት ማጫወት ይቸግራል፤ ለወሳኙ ሳምንት ሁለተኛ ሜዳ ማዘጋጀት ግድ ይላል። የክረምቱ ዝናብ ሲጀምርና ሣሩ ሲያልቅ ደግሞ ኳሷ ራሷ አልታዘዝ ትላለች።

፯. ለእኛ ለመምህራን ምን ይጠቅመናል?

እስከ አሁን የተናገርኩት ስለ ኳስ ነው። አሁን ስለ ክፍላችን ልናገር።

እኛም ክፍል ውስጥ የነጥብ ሠንጠረዥ አለን፤ «ደረጃ» እንለዋለን። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልን እስከ ስልሳኛ። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጨረሻ ላይ ክፍሉን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ልክ እንደ ሊጉ ነው። ከላይ ያሉት አምስት ልጆች ለአንዲት ነጥብ ይጣላሉ። ከታች ያሉት እንዳይደግሙ ይጨነቃሉ። መካከል ያሉት አርባው ግን ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አንደኛ አይወጡም፣ አይወድቁም፤ መምህሩም አያያቸውም። አስቸጋሪው ቡድን በሊጉ ውስጥ የመካከሉ እንደሆነው፣ በክፍልም የምንረሳው የመካከሉን ነው።

መድኃኒቱም ከዚያው ሊገኝ ይችላል። ቡድን ከሌላው ጋር ብቻ አይወዳደርም፤ ካለፈው ዓመት ራሱ ጋርም ይወዳደራል። ሠላሳኛ የሆነውን ልጅ ከአንደኛው ጋር ከማወዳደር «በመጀመሪያው መንፈቅ 52 ነበርህ፣ አሁን 58 ደርሰሃል» ብንለው የሚጫወትለት ነገር ይኖረዋል። የታችኛውንም «ወረድህ» ብለን ከምንሸኘው ስንት ጨዋታ እንደቀረውና ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልገው አብረን ብናሰላለት ይሻላል። ተስፋ ማለት እኮ ብዙ ጊዜ በትክክል የተሠራ ሒሳብ ነው። «አይሆንም» ያልነው ሲሰላ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥቅም ለትምህርት መሣሪያነት ነው። መጽሐፍ ለአምስት ልጅ አንድ በሚደርስበት ክፍል የሊጉ ሠንጠረዥ በነፃ የሚገኝ የሒሳብ መጽሐፍ ነው። መደመርና መቀነስ፣ አሉታዊ ቁጥር፣ ማባዛት፣ ክፍልፋይና አማካይ፣ ቅደም ተከተል ሁሉም አለበት። በጥቁር ሰሌዳ ጥግ ላይ አሥምሩና ሰኞ ሰኞ ልጆቹ እንዲያስተካክሉት አድርጉ። ሴቶቹ ተማሪዎች «የወንዶች ነገር ነው» ብለው እንዳይሸሹ የሴቶቹን ሊግ ከጎኑ አድርጉት። ያ ልጅም ከዚያ ሳምንት በኋላ ለወንድሙ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ጭምር ይዞ ሄዷል። አንድ ነገር ገብቶኛል ማለት ለሌላ ማስረዳት መቻል ነው እየተባልን እዚህ የምንማረውም ይህንኑ ነው።

ለአንባብያን ጥያቄ

አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቷል። ቡድን ሀ 61 ነጥብና 20 የግብ ልዩነት፣ ቡድን ለ 60 ነጥብና 24 የግብ ልዩነት፣ ቡድን ሐ 58 ነጥብና 30 የግብ ልዩነት አላቸው። በመጨረሻው ቀን ሀ ከሐ ጋር ይጫወታል፤ ለ ደግሞ ከመጨረሻው ቡድን ጋር።

1ኛ. ሐ ሻምፒዮን ሊሆን ይችላልን? ከቻለ በምን በምን ሁኔታ?
2ኛ. የለ ጨዋታ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ቢደረግና ለ ቢሸነፍ፣ ሀ በምን ዓይነት ውጤት ይረካል? ይህስ ለሐ ምን ማለት ነው?
3ኛ. ይህን ጥያቄ ለስድስተኛ ክፍል ተማሪ በአሥር ደቂቃ ለማስረዳት ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ ምን ትጽፋላችሁ?

መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ከጋዜጣው ሥር ባለችው ሣጥን ውስጥ ጨምሩ። የሦስተኛው ጥያቄ ምርጥ መልስ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። መምህሮቻችንም ቢሆኑ እንዲሳተፉ በአክብሮት እንጋብዛለን።